«በእናቴ አትምጣብኝ»፦ ክፉው ገጸ ባሕርይ ለምን በምንወደው ሰው ይመጣብናል?

ፊልም ላይ ደጋግማችሁ ያያችሁት ትዕይንት ነው። አክተሩ ክፉውን ጥግ አስይዞታል። ሽጉጡ በእጁ ነው፣ ፖሊስ ደጅ ደርሷል፣ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ክፉው ግን ፈገግ ይላል። «እህትህ ከትምህርት ቤት የምትወጣው በስንት ሰዓት ነበር?» በቃ! የአክተሩ ፊት ይለዋወጣል፣ ሽጉጡን ጥሎ በቡጢ ይገባበታል፣ ጨዋታውም ይገለበጣል።

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ ቪዲዮ ቤትም ሆነ ስልክ ላይ ብናየው፣ ይህችን ቅጽበት የሚያስረዳን ሰው አያስፈልገንም። «በእናቴ አትምጣብኝ» የሚለውን ንግግር የማያውቅ ማን አለ? እኔን ስደበኝ፣ እችለዋለሁ፤ እሷን ግን ተው!

ግን አንድ ነገር አስተውላችኋል? ይኸው ትዕይንት አንዳንዴ ትንፋሽ ያስይዘናል፣ አንዳንዴ ደግሞ «ኧረ ተው፣ ደግሞ መጣ!» ያሰኘናል። ዛቻው አንድ ዓይነት ነው፣ ክፉው እኩል ይስቃል። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? የዚህ ጽሑፍ መልስ አጭር ነው፦ ዛቻው ኃይሉን የሚያገኘው ከክፉው ክፋት ሳይሆን ከሚዛትባት ሰው ነው። እሷን ካላወቅናት የክፉው ሳቅ ባዶ ጩኸት ይሆናል።

አንጎላችን «እኔ» የሚለው ማንን ነው?

መጀመሪያ ወደ ሳይንሱ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2004 ታንያ ሲንገርና ባልደረቦቿ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። 16 ጥንዶችን ጋበዙ። ሴቶቹ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ተኝተው፣ አንዳንዴ በራሳቸው እጅ፣ አንዳንዴ ደግሞ አጠገባቸው በተቀመጠው ወዳጃቸው እጅ ላይ የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጥ ነበር። ሕመሙ የት ቦታ እንደሆነ የሚለዩት የአንጎል ክፍሎች የነቁት በራሳቸው ሕመም ጊዜ ነው። የሕመሙን መጥፎ ስሜት ከመሸከም ጋር የተያያዙት ክፍሎች ግን በሁለቱም ጊዜ ነቅተዋል። በሌላ አነጋገር፣ የምንወደው ሰው ሲያመው ቆዳችን አይቃጠልም፤ ስሜቱ ግን ውስጣችን ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ ዛቻው ይበልጥ የቀረበ ሙከራ አድርገዋል። 22 ወጣቶች ንዝረቱ ሊመጣ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ምልክት ያያሉ። ተረኛው አንዳንዴ ራሳቸው ናቸው፣ አንዳንዴ ጓደኛቸው፣ አንዳንዴ ደግሞ የማያውቁት ሰው። ጓደኛ ሲዛትበት የታየው የአንጎል ምላሽ ለራስ ከታየው ጋር በጣም ይመሳሰላል። የማያውቁት ሰው ሲሆን ግን መመሳሰሉ ይጠፋል።

22 ሰው ጥቂት ነው፤ የኤምአርአይ ምስልም አእምሮን እንደ መጽሐፍ አያነብልንም። ጥናቱም ስለ ፊልም አልተሠራም። ቢሆንም ልብ ወለድ ለሚያነብ ሰው ጥሩ ጥያቄ ያቀብላል። አክተሩ እህቱን ያውቃታል። እኛስ? እኛ ለእሷ «የማያውቁት ሰው» ነን። ስለዚህ የደራሲው ትልቁ ሥራ ክፉው አፉን ከመክፈቱ በፊት ያለቀ መሆን አለበት፦ እህቲቱን ከእኛ ጋር ማስተዋወቅ።

የኮሶ ሻጭዋ ልጅ

በእኛ ታሪክ ውስጥ በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚታወቀው ትንኮሳ የቋራው ካሳ ነው፤ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ የሆኑት። ነገሩ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሆነ ነው። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ኮሶ ሻጭ ነበሩ እየተባለ ይነገርባቸው ነበር። ኮሶ የዛፍ አበባ ነው፤ ደርቆና ተወቅጦ ለኮሶ ትል መድኃኒት ይጠጣል፤ መራራነቱንና ሆድ ማገላበጡን አያቶቻችሁን ጠይቁ። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባለው የእቴጌ መነን የጦር አዛዥ የኮሶ ሻጭዋን ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎከረ ይባላል። በጦርነቱ ግን ተሸነፈና ራሱ ተያዘ። ካሳም ዛሬ የእናቴ ኮሶ ገበያ አላገኘም ብለው ያንኑ ኮሶ በግድ አስጠጡት እየተባለ ይተረካል።

ይህ ታሪክ ወደ 180 ዓመት ገደማ አልፎትም ለምን ይነገራል? በዚያ ዘመን የተፎከረ ፉከራ ስንትና ስንት ነው! ይህ የቀረው ኮሶው ስላለበት ነው። ስድቡ ውስጥ አንዲት ሴት ትታየናለች፤ ገበያ ቁጭ ብላ መራራ መድኃኒት የምትሸጥ፣ ልጇን በዚያ የምታሳድግ። «እናትህን!» ብሎ ቢሰድባቸው ኖሮ ዛሬ ማንም አያስታውሰውም ነበር።

የካሳን ታሪክ በልብ ወለድ ከጻፉት አንዱ የጉራጌው ልጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝኛ ባሳተመው «ዋሪየር ኪንግ» ላይ የካሳን አነሳስ ይተርካል። የካሳን ታሪክ ለሚያነብ ወጣት አንድ ጥያቄ ላንሳ፦ በኮሶው ጨዋታ ያሸነፈው ማን ነው? ካሳ ናቸው እንላለን፤ በጦርነቱ አዎ። ግን መሣሪያውን የመረጠው ተንኳሹ ነበር። ወንድይራድ ማዋረድን ወደ ሜዳው አመጣ፣ ካሳም በዚያው በማዋረድ መለሱ። ትንኮሳ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ተሸንፎም ቢሆን የራሱን ጠባይ አጋብቶብን ይሄዳል።

ይህን ነጥብ ከብዙዎቹ ፊልሞች አጥርቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የ«ስታር ዋርስ» ክፍል፣ «ሪተርን ኦፍ ዘ ጄዳይ» ይመስለኛል። ዳርዝ ቬደር የሉክን ሐሳብ አንብቦ እህቱን ወደ ጨለማው ወገን ሊስባት እንደሚችል ይዝታል። ተደብቆ የነበረው ሉክ በቁጣ ይወጣና የቬደርን እጅ ይቆርጣል። ከዚያ ግን ያንን የተቆረጠ የብረት እጅ ያያል፣ የራሱንም የብረት እጅ ያያል፣ ይቆማል፤ መሣሪያውንም ይጥላል። የትንኮሳው ዓላማ እሱን መግደል እንዳልነበረ የገባው ያኔ ነው። ዓላማው እሱን ቬደር ማድረግ ነበር።

ባሳንቲና ፍሪጁ

አሁን ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንደኛው የህንድ ፊልም ወዳጆች ሁሉ የሚያውቁት የ1975ቱ «ሾሌ» ነው። ሽፍታው ጋባር ሲንግ ቪሩን አስሮ የሚወዳትን ባሳንቲን በጠራራ ፀሐይ ያስጨፍራታል። እግሯ ከቆመ የቪሩ ነፍስ ትወጣለች። እግሯ ሥር ጠርሙስ ይሰበራል፣ እሷም በስባሪው ላይ ትጨፍራለች። ቪሩ አትጨፍሪ እያለ ይጮኻል።

ይህ ትዕይንት ለምን ያዘን? ባሳንቲን ስለምናውቃት ነው። የፈረስ ጋሪ ነጂ ናት፤ ዳኖ የምትባል ባዝራ አለቻት፤ አንዴ ወሬ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። ቡታጅራ ላይ ጋሪ የተሳፈረ ሰው እንዲህ ያለ ወሬኛ ባለጋሪ ሳያጋጥመው አይቀርም! ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እሷን እንድንወዳት ተጠቅሞበታል። ደግሞም በዚያ ሜዳ ላይ ዝም ብላ የምታለቅስ አይደለችም፤ ወሳኙን ሥራ የምትሠራው እሷ ናት። ቪሩ ታስሯል፣ ነፍሱን የያዘችው የእሷ እግር ናት።

ሁለተኛው ሥራ የአሜሪካ ኮሚክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው «ግሪን ላንተርን» ቁጥር 54 ላይ አክተሩ ቤቱ ሲገባ ፍቅረኛውን ተገድላ ፍሪጅ ውስጥ ተከታ ያገኛታል። አሌክሳንድራ ትባላለች፤ ገና በጥቂት እትሞች ነው የተዋወቅናት። የሞተችው እሱ እንዲናደድና ታሪኩ እንዲቀጥል ነው፤ ሌላ ሥራ አልተሰጣትም። በ1999 ጌል ሲሞን የተባለች አንባቢ፣ ኋላ ራሷም የኮሚክ ደራሲ የሆነች፣ እንዲህ የተገደሉና የተጎዱ ሴት ገጸ ባሕርያትን ስም ዝርዝር አወጣች። ዝርዝሩ ረጅም ነበር። ስሙንም ከዚያው ከፍሪጁ ወሰደችው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ባሳንቲ ሰው ናት፤ አሌክሳንድራ ማጥመጃ ሆና ቀረች። ክፉው ሰዎችን እንደ ዕቃ ቢቆጥር አይገርምም፣ ክፉ ነውና። ደራሲው ራሱ እንደ ዕቃ ሲቆጥራት ግን ከክፉው ጋር አንድ ሆኗል ማለት ነው።

«እብድ ነው» ማለት ይበቃል?

ሌላው የስንፍና መንገድ ክፉውን «እብድ» ብሎ ማለፍ ነው። ሳቁ፣ ዓይኑ፣ የተንጨባረረ ፀጉሩ ሁሉ ያንን እንድናስብ ይገፋፋሉ። እስቲ በ2008 የወጣውን «ዘ ዳርክ ናይት» አስቡት። ጆከር ታስሮ እየተደበደበ ይስቃል፤ ባትማን ጉልበቱን ሁሉ ቢያወርድበትም የሚያስፈራራበት ነገር እንደሌለው ይነግረዋል። ሬቸልና ሃርቪ በሁለት ቦታ ታግተዋል፤ ጆከር አድራሻቸውን አለዋውጦ ይነግረዋል። ይህ የታሰበበት፣ በደቂቃ የተሰላ ሥራ ነው።

የሥነ ልቦና ሰዎች ሁለት ነገር ይለያሉ፦ ሌላው ሰው ምን እንደሚሰማው ማወቅና ስሜቱን መጋራት። ተንኳሹ ክፉ የመጀመሪያው ሞልቶ የተረፈው፣ ሁለተኛው የጎደለው ሰው ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ኦቴሎ» ውስጥ ያለው ኢያጎ የዚህ ዓይነቱ ቁንጮ ነው። ደዝደሞናን እገድላታለሁ ብሎ አይዝትም። ባሏ ራሱ እስኪገድላት ድረስ ጥርጣሬ ያንጠባጥብበታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ኦቴሎ ግን የተመነጠረው በመጠርጠሩ ነው። መጨረሻ ላይ ኢያጎ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሲጠየቅ ከእንግዲህ አልናገርም ብሎ አፉን ይዘጋል። ሳቅ የለም፣ ፉከራ የለም። ያስፈራል!

ይህ ጉዳይ ለእኛ አካባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቡታጅራና ዙሪያዋ በአፍሪካ የአእምሮ ሕመም በሰፊው ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎች ተጠይቀዋል፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎችም ለ10 ዓመት ክትትል ተደርጎላቸዋል። የታየው ነገር ያሳዝናል። የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው እጥፍ ገደማ ነበር፤ የሞቱትም ወደ 30 ዓመት ገደማ ያለ ዕድሜያቸው ነው የተቀጠፉት። ፊልሙ እነዚህን ሰዎች አሳዳጅ አድርጎ ይስላቸዋል፤ ጥናቱ የሚነግረን ግን የተጎዱት እነሱ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ ደራሲ «እብድ ነው» ብሎ ሲገላገል ሁለት በደል ይፈጽማል፦ ክፋትን ከማስረዳት ያመልጣል፣ የታመመውን ጎረቤታችንንም ያስጠላናል።

ክፉው ፊት ባይኖረውስ?

ወደ ሣህለ ሥላሴ እንመለስ። ይህ ደራሲ ቀድሞ በቻሃ ቋንቋ የጻፈው ታሪክ በዎልፍ ሌስላው ተተርጉሞ «ሺኔጋስ ቪሌጅ» በሚል ስም በ1964 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ በጻፈው «ዘ አፈርሳታ» ውስጥ በአንድ የጉራጌ መንደር የአንድ ሰው ጎጆ ይቃጠላል። አቃጣዩ ማን ነው? አይታወቅም። ሕዝቡ አፈርሳታ ይቀመጣል፤ በሌላ ስሙ አውጫጭኝ፣ ማለትም ጥፋተኛውን ለማውጣት የአገር ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚጠያየቅበት ሸንጎ።

እዚህ የሚስቅ ክፉ የለም። በቡጢ የሚመታ ፊትም የለም። ጉዳቱ የደረሰው በአንድ ቤት ላይ ነው፣ ሸንጎ የሚቀመጠው ግን መንደሩ በሙሉ ነው። አክተሩ ብቻውን ተናዶ የሚሮጥበት ታሪክ ከለመደብን፣ ይህ መጽሐፍ ሌላ መንገድ ያሳየናል። የአንዱ ጉዳት የሁሉም ጉዳይ ሲሆን ቁጣ ወደ ጥያቄ ይለወጣል። ፊልም ሠሪዎቻችን ይህን ሀብት ብዙም አልነኩትም፤ ያሳዝናል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ክፉው ፈገግ ብሎ የእህቲቱን ስም ሲጠራ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህችን ልጅ ከዛቻው በፊት አውቃታለሁ ወይ? ዛቻው ከመጣ በኋላስ የምትሠራው ነገር አላት ወይስ ማጥመጃ ብቻ ናት? አክተሩ ሲመልስ ራሱን ሆኖ ነው ወይስ ክፉውን መስሎ? ሦስቱንም የሚያልፍ ፊልም ካገኛችሁ ለጓደኛ ንገሩ፤ ብዙ አይገኝም።

ጥያቄዎቹ ከስክሪኑ ውጪም ይሠራሉ። በትምህርት ቤት ግቢ ስንት ጠብ የሚጀመረው በእናት ስድብ ነው? ከባድ ጭንቀትና ቁጣ ሲመጣ ከግንባራችን ጀርባ ያለው፣ አመዛዝኖ የሚወስነው የአንጎል ክፍል ይዳከማል፤ ተንኳሹ የሚጠብቀውም ያቺን ደቂቃ ነው። ሰዳቢው እናታችሁን አያውቃትም። እናንተ ታውቋታላችሁ። በእሷ ስም ቡጢ ከመሰንዘራችሁ በፊት፣ እሷ እዚያ ብትኖር ምን ትላችሁ እንደነበር አስቡ።