በአንድ ገመድ ኃይልም ጽሑፍም፤ ስለ አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተርና ስለ ነአኩቶ ለአብ መጻሕፍት የቀረበ ሂስ

ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለው ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ ታስባ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ስትወጣ የተዘጋጀችው ለተማሪ ነበር። በመዳፍ የምትያዝ አንዲት ሰሌዳ ናት፤ የጽሑፍና የምስል ማኖሪያዋ በስልካችን የምንከተው ዓይነት ሜሞሪ ካርድ ሲሆን፥ ኃይሏንም የምታገኘው ከግድግዳ ሶኬት በቻርጀር ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የተገለጸችው አምስተኛዋ ግን አዲስ በር ተከፍቶላታል፤ ይኸውም ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ የተባለው መስመር ነው። በዚህ መስመር ኤን.ቪ.ኤም.ኢ. የሚባለውን፥ የሚሽከረከር አካል የሌለውን ፈጣን ኤስ.ኤስ.ዲ. መግጠም ተቻለ። ሠሪዎቿም ለዚሁ የምትሆን ማገናኛ ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 በ12 ዶላር አወጡ። ሌሎች አምራቾች ደግሞ በዚህ ላይ ጨምረው፥ ኤስ.ኤስ.ዲ.ውንና በኔትወርክ ገመድ የሚመጣውን ኃይል፥ በሙያው አጠራር ፒ.ኦ.ኢ.ን፥ በአንድ ሰሌዳ አጣምረው ሸጡ።

ይህን የተጣመረ ዕቃ የሚያመሰግኑት ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሡት ፍጥነቱን ነው። ምን ያህል ሜጋባይት በሰከንድ እንደሚያነብ ይለካሉ፤ ከሜሞሪ ካርዱ ጋር አስተያይተው ይደነቃሉ። እኛ ግን ምስጋናው ያላግባብ ቦታ ላይ አርፏል እንላለን። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ጥሩ የሆነበት ምክንያት ግን ከሚነገረው የተለየ ነው፤ ጉድለቱም እንዲሁ ከሚነገረው የተለየ ነው።

ነገሩን በደፈናው እንዳንናገር አንድ ቦታ እንያዝ። ነአኩቶ ለአብ፥ በግእዝ «አብን እናመስግን» ማለት ነው፥ ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በላስታ ተራራ፥ ከገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ገዳም ነው። በትውፊት የላሊበላ የወንድም ልጅ ነበረ በሚባለው በንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ስም ይጠራል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገንዳ ተጠራቅሞ ለጠበል ይሆናል፤ ካህናቱም መስቀሉንና የብራናውን መጽሐፍ አውጥተው ለእንግዳ ያሳያሉ። በዚያ ስፍራ እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ተተክሏል ማለታችን አይደለም። ቢተከል ምን ይሆናል ብለን እንመዝናለን።

የምንመዝንበትም ምክንያት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን በፊልም አነሣ፤ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፥ ሌላው በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ፥ በኮሌጅቪል ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የዕድሜያቸውን ታላቅ ክፍል የእነዚያን መጻሕፍት ዝርዝር በማዘጋጀት አሳልፈዋል። ከዚያም ወዲህ በዲጂታል ካሜራ የተነሡ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ምስላቸውም በኢንተርኔት ይገኛል። ታዲያ በሐምቡርግ ያለ ተማሪ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ የሚያየውን ቅጠል፥ መጽሐፉ ባለበት ደብር ያለ ዲያቆን ለማየት ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ መጽሐፉ ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ በወጣ ቁጥርም ይገለጣል፥ ይዳሰሳል፥ ጠርዙ ይበላል። ምስሉ በደብሩ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ቢኖር ይህ ድካም ይቀንሳል። ክርክራችን ስለዚህ ጉዳይ ነው እንጂ ስለ መጫወቻ አይደለም።

አሁን ወደ ፍጥነቱ እንመለስ። አንድ የብራና መጽሐፍ 150 ቅጠል ቢኖረውና ትይዩ ገጾቹን አብረን ብናነሣ ወደ 150 ምስል ይሆናል። ለማኖሪያ የሚሆነው ጥሩ ምስል እያንዳንዱ 60 ሜጋባይት ቢመዝን መጽሐፉ 9 ጊጋባይት ነው፤ መቶ መጻሕፍት 900 ጊጋባይት፥ አንድ ቴራባይት በሚይዝ ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚገባ ማለት ነው። ለንባብ የሚሆነው ቀለል ያለ ቅጂ ግን 5 ሜጋባይት ይበቃዋል። ሜሞሪ ካርድ በዚህች ኮምፒዩተር በሰከንድ እስከ 90 ሜጋባይት ያህል ያነባል፤ ስለዚህ አንባቢው ቅጠሉን ሲገልጥ ምስሉ ከሰከንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ኤስ.ኤስ.ዲ.ው በተፈቀደለት መስመር ከ400 ሜጋባይት በላይ ያነባል፤ ነገር ግን ምስሉ ወደ አንባቢው የሚሄድበት የኔትወርክ ገመድ በሰከንድ ከ120 ሜጋባይት አያሳልፍም። ጋኑን ማስፋት የጡትን አንገት አያሰፋም፤ ለአንባቢው የተጨመረለት ፍጥነት ከሞላ ጎደል የለም።

እንግዲህ ሜሞሪ ካርዱ ይበቃል ማለት ነውን? አይደለም። ካርዱ የሚወድቀው በፍጥነት ማነስ ሳይሆን በዕድሜ ማጠር ነው። ኮምፒዩተሯ ሥራ ላይ ሳለች የራሷን መዝገብ በየጊዜው ትጽፋለች፤ ርካሽ ካርድ ይህን የማያቋርጥ ጽሕፈት ለመሸከም አልተሠራም። ይልቁንም መብራት በጽሕፈት መካከል ሲጠፋ ካርዱ ይበላሻል፤ ጠዋት ሲከፍቷት አትነሣም። ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚጻፍበትን ቦታ በብልኃት እያፈራረቀ ድካሙን ስለሚያከፋፍል ብዙ እጥፍ ይቆያል። የዕቃው እውነተኛ ምስጋና ይህ ነው፤ ይሁን እንጂ በሙሉ ልብ እንዳናመሰግነው የሚከለክለን ነገር አለ። በተራ ገበያ የሚሸጠው ኤስ.ኤስ.ዲ. ኃይል በድንገት ሲቋረጥ በእጁ ያለውን ጽፎ የሚጨርስበት የራሱ ስንቅ የለውም። ስንቅ ያላቸው፥ ለትልልቅ ድርጅቶች የሚሠሩት፥ ብዙውን ጊዜ ረጃጅሞች ናቸው፤ ሠሪዎቿ ያወጧት ማገናኛ ሰሌዳ ደግሞ የምትቀበለው ባለ 30 እና ባለ 42 ሚሊ ሜትሮቹን አጫጭሮች ብቻ ነው። ስለዚህ መብራት ይጠፋል ብሎ ኤስ.ኤስ.ዲ. የገዛ ሰው የችግሩን ግማሽ ብቻ ነው የፈታው።

ፍጥነቱን ፈጽመን እንዳናጣጥለው ደግሞ አንድ ነገር ማከል ይገባናል። ምስል ማኖር ማለት አስቀምጦ መርሳት አይደለም፤ እያንዳንዱ ፋይል እንደ ነበረ መሆኑን በየወሩ ማንበብና መመርመር ያስፈልጋል። 900 ጊጋባይቱን ከካርድ አንብቦ ለመመርመር ወደ 3 ሰዓት ይፈጃል፤ ከኤስ.ኤስ.ዲ. ግን ከ40 ደቂቃ አይበልጥም። መብራት በቀን ሙሉ ባለበት አገር ይህ ልዩነት ከቁጥር አይገባም። መብራት በሚመጣና በሚሄድበት ቦታ ግን ሥራውን በመጨረስና ባለመጨረስ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ከእኛ መካከል በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግነው የጀነሬተሩን ድምፅ እያዳመጥን ማጥናትን እናውቃለን፤ ድምፁ መንተባተብ ሲጀምር የጀመርነውን መስመር ቶሎ እንፈጽም ነበር። ይህ የፍጥነት ጥቅም በየትኛውም የምስጋና ጽሑፍ ላይ ተጽፎ አላየንም።

ሁለተኛው ክፍል፥ ኃይልን በኔትወርክ ገመድ ማድረስ፥ ከዚህ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ መጀመሪያ ደንብ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፥ በዚያ ደንብ መሠረት ለተቀባዩ ዕቃ የሚደርሰው 12.95 ዋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሁለተኛው ደንብ 25.5 ዋት ያደርሳል። ኮምፒዩተሯ ከነኤስ.ኤስ.ዲ.ዋ በርትታ ስትሠራ የመጀመሪያውን ደንብ ልክ ልትነካ ትችላለችና፥ ስዊች የሚገዛ ሰው በሁለተኛው ደንብ የተሠራውን መምረጥ አለበት። ኃይሉ የሚላከው በ48 ቮልት ገደማ ነው፤ ከመላኩም በፊት ስዊቹ ጥቂት ቮልት ልኮ በገመዱ ጫፍ ያለው ዕቃ ይህን ኃይል የሚቀበል መሆኑን ይጠይቃል፤ ተገቢውን መልስ ካላገኘ አይልክም።

የ48 ቮልቱን ጥቅም ለመረዳት ቀላል ስሌት እናድርግ። ገመዱ 30 ሜትር ቢሆን መንገዱ ሲሄድና ሲመለስ ወደ 2.5 ኦም ይቃወማል። 12 ዋት በ48 ቮልት ስንልክ የሚያልፈው ሩብ አምፔር ነውና በመንገድ የሚጠፋው ከ1 ቮልት በታች ነው። ያንኑ 12 ዋት በ5 ቮልት እንላክ ብንል 2.4 አምፔር ያስፈልጋል፤ መንገዱ ብቻውን 6 ቮልት ይጠይቃል፤ የላክነው ደግሞ 5 ነው። ሊደርስ አይችልም።

በነአኩቶ ለአብ ዓይነት ስፍራ የዚህ ትርጉም ትልቅ ነው። ሥዕል ባለበት ጥንታዊ ግድግዳ ላይ ሶኬት መትከልና 220 ቮልት መሳብ፥ ያውም ውኃ በሚንጠባጠብበት ዋሻ፥ ማንም ሊፈቅደው የማይገባ ነገር ነው። ባትሪውና ስዊቹ ከዋሻው ውጭ በደረቅ ቤት ተቀምጠው፥ እስከ 100 ሜትር ድረስ አንድ ቀጭን ገመድ ብቻ ኃይሉንም ምስሉንም ይዞ ቢሄድ፥ ግድግዳው አይቆፈርም፤ የሚመጣውም ኃይል ሰው የሚገድል አይደለም። የዚህ ሁሉ ሰሌዳ ዋና በጎነቱ ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ይሁን እንጂ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ይህ ዘዴ ኃይልን ያደርሳል እንጂ አይፈጥርም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ላስታ በደረሰ ጊዜ ላሊበላ መብራት ተቋርጦባት ለወራት ቆይታለች፤ በዚያን ጊዜ የግድግዳ ሶኬትም የኔትወርክ ገመድም እኩል ነበሩ። ስለዚህ ስሌቱ ከፀሐይ ኃይልና ከባትሪ መጀመር አለበት። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ፥ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብንጠቀም፥ 600 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ኮምፒዩተሯና ስዊቹ በአማካይ 15 ዋት ቢወስዱ 40 ሰዓት ያቆያቸዋል። ከዚህ ውስጥ ጥቂት የማይባለው በከንቱ የሚጠፋ ነው፤ የባትሪው 12 ቮልት ወደ 48 ከፍ ይላል፥ ሰሌዳው ላይ ሲደርስ ወደ 5 ዝቅ ይላል፥ በሁለቱም ጊዜ ቀረጥ ይከፍላል። ኮምፒዩተሯ ከባትሪው አጠገብ የምትቀመጥ ከሆነ ከ12 በቀጥታ ወደ 5 መውረድ ይሻላል፤ በዚያን ጊዜ ፒ.ኦ.ኢ. ያላት ሰሌዳ ጌጥ ናት።

ስለ ሙቀት የሚነገረውም ከቆላ አገር የመጣ ይመስለናል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነውና ነፋሻው ከዕቃው የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ኃይሉን የሚያወርደው ክፍል ራሱ ይሞቃል፤ ኤስ.ኤስ.ዲ.ው ደግሞ ከእርሱ ጋር በጠባብ ስፍራ ተጣብቆ ይቀመጣል። ሁለቱን ማጣመር ቦታ ቆጠበ፤ አየር ግን ነሣቸው። አገራችን ብርድ ነውና አያሰጋም የሚል ቢኖር፥ በብርዱ ላይ የዋሻው እርጥበት መኖሩን ያስብ።

አሮጌ ላፕቶፕ ለምን አይሆንም የሚል ጠያቂም አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው፤ መብራት ሲጠፋ በጽሕፈት መካከል አይወድቅም፤ መለዋወጫውም በመርካቶ ይገኛል። የእኛ ሰሌዳ ብትበላሽ ግን ምትኳ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የ12 ዶላር ዕቃ ርካሽ መባሉ ቀርቷል። ቢሆንም ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ከዚህች ኮምፒዩተር ሁለትና ሦስት እጥፍ ኃይል ይበላል፤ የባትሪውና የፀሐይ ሰሌዳው ዋጋ ሲታሰብ ሚዛኑ ወደ ትንሿ ያጋድላል። መብራት በማይቸግርበት በአዲስ አበባ ለሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ግን ላፕቶፑን እንመርጥ ነበር።

ማከማቻውን ስለ መዝጋትም አንድ ቃል። ኤስ.ኤስ.ዲ. ያለ ኃይል ሲቀመጥ የያዘውን ቀስ በቀስ ይረሳል፤ የኢንዱስትሪው ደንብ የጽሕፈት ዕድሜውን የጨረሰ ተራ ኤስ.ኤስ.ዲ. በ30 ዲግሪ ሙቀት ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲያስታውስ ብቻ ይጠይቃል። አዲስ የሆነው ከዚያ ይልቅ ይቆያል፤ ሆኖም መቶ ዓመታትን ከተሻገረ ብራና ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ደብር ወይም በከተማ ይኑር፤ ኮምፒዩተሯም ምስሎቹን እንድታነብ እንጂ እንዳትጽፍባቸው ተደርጋ ትዘጋጅ።

የቀረው የመብረቅ ነገር ነው። የላስታ ክረምት መብረቁ ብዙ ነው፤ ከቤት ወደ ዋሻ በሜዳ የተዘረጋ የመዳብ ገመድ ደግሞ መብረቅ ቅርብ ሲወድቅ ኃይሉን ተቀብሎ በሁለቱም ጫፍ ያለውን ያቃጥላል። ይልቁንም ከርካሾቹ ሰሌዳዎች አንዳንዶቹ የመጪውን ኃይልና የኮምፒዩተሯን ኃይል የሚለየውን ትራንስፎርመር ትተውታልና አደጋው ይብሳል። በመዳቡ ፈንታ ፋይበር ቢዘረጋ መብረቁ አይጓዝበትም ነበር፤ ነገር ግን ፋይበር ኃይል አያደርስምና የዕቃው ዋና በጎነት አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ገመዱ በቱቦ ተከቶ ከመሬት በታች ይቀበር፤ በሁለቱም ጫፍ የመብረቅ መከላከያ ይግባለት፤ መከላከያውም በሚገባ ከመሬት ጋር ይታሰር። ይህን ሥራ የሚያውቅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳይገኝ ዕቃው ባይገዛ ይሻላል።