አይጧ የመለሰችው የትኛውን ጥያቄ ነው?

የስኳር በሽታንና የደም ግፊትን በእንስሳት ላይ በማጥናት የተገኘው ጥቅም አያከራክርም። እ.ኤ.አ. በ1889 ሚንኮውስኪና ፎን ሜሪንግ ቆሽቱን ያወጡለት ውሻ በስኳር በሽታ ተያዘ፤ የሕመሙም ምንጭ ከዚያ ተጠረጠረ። በ1921 ባንቲንግና ቤስት በቶሮንቶ በውሾች ላይ ያደረጉት ሙከራ ኢንሱሊንን አስገኘ። በ1934 ጎልድብላት የውሻን የኩላሊት ደም ቅዳ አጥብቦ የደም ግፊትን ከፍ ማድረጉም፣ ዛሬ የምናዝዘው ኢናላፕሪል የሚሠራበትን የሬኒንና የአንጂዮቴንሲን ሥርዓት ለመረዳት በር ከፍቷል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚተቸው በእንስሳት መጠቀምን ሳይሆን ከውጤቱ ተነሥተን የምንሰጠውን ድምዳሜ ነው።

በአገራችን እንደ ሽፈራው ያሉ ዕፅዋትን የሚመረምሩ በርካታ ጥናቶች በአሎክሳን ወይም በስትሬፕቶዞቶሲን እንዲታመሙ የተደረጉ አይጦችን ይጠቀማሉ። ሁለቱም ኬሚካሎች ኢንሱሊን አመንጪ የሆኑትን የቆሽት ቤታ ሴሎች ይገድላሉ። በአንድ ጊዜ ከፍተኛ መጠን የተሰጣት አይጥ የኢንሱሊን እጥረት ምሳሌ ናት እንጂ፣ ሰውነት ኢንሱሊንን ሲቋቋም የሚመጣውን ሁለተኛውን ዓይነት የስኳር በሽታ አትወክልም። በዓለም ላይ የሚበዛው ግን ይህ ነው። ከአሎክሳን በኋላ በራሳቸው የሚያገግሙ እንስሳት ስላሉም፣ ያልታከመ የንጽጽር ቡድን ከሌለ ፈውሱ የቅጠሉ ይሁን የጊዜው አይለይም።

የደም ግፊትም ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። ኦካሞቶና አኦኪ በ1963 በኪዮቶ ያስተዋወቁት በዘር የደም ግፊት የሚይዘው የአይጥ ዝርያ ዘመዳሞችን በማዳቀል የተገኘ ነው። ሁሉም በዘር ይመሳሰላሉ፤ በተመላላሽ ክፍላችን የሚሰለፉት ሕመምተኞች ግን በዕድሜ፣ በጨው አወሳሰድ፣ በኩላሊት ጤንነትና በክብደት ይለያያሉ።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ተመራማሪው «በአይጥ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ቀነሰ» ብሎ የጻፈው ከሕመምተኛው ጆሮ ሲደርስ «ያድናል» ይሆናል። መድኃኒቱን አቋርጦ ቅጠል ሲቀቅል የሰነበተ ሕመምተኛ ራሱን ስቶ ሲመጣ ያላየ ባለሙያ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ጸሐፊዎች አይጦቹ በዕጣ መመደባቸውን፣ ለኪው የትኛው ቡድን እንደታከመ አለማወቁን፣ ጾታቸውንና ዕድሜያቸውን ይግለጹ። በ2010 የወጣው «አራይቭ» የተሰኘው መመሪያም ይህንኑ ይጠይቃል። እኛ አንባቢዎችም የአይጥን ውጤት ለሕመምተኛ ከመንገራችን በፊት፣ አይጧ የመለሰችው የእርሱን ጥያቄ መሆኑን እንመርምር።