«የሰዓት ሰቅ»ና «ብርሃን ቆጣቢ ሰዓት»፦ በሰዓት ታሪክ መዝገብ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በስልክና በኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ያለፈን ጊዜ በየአገሩ ሰዓት ለማስላት የሚመሩበት አንድ የጋራ መዝገብ አለ። መዝገቡን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት የጀመረው አርተር ዴቪድ ኦልሰን ሲሆን፣ ከ2011 ወዲህ የሚታተመው አያና በሚባለው የኢንተርኔት ቁጥሮች መዳቢ አካል አማካይነት ነው። አሠራሩ ከመዝገበ ቃላት አሠራር ብዙም አይርቅም። መሪ ቃሉ የከተማ ስም ነው፤ በሥሩም የቦታው ሰዓት ከዓለም አቀፉ ሰዓት ምን ያህል እንደሚለይና ልዩነቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደጸና ይዘረዘራል። አንድ መንግሥት ሰዓቱን በዐዋጅ ሲለውጥ አዲስ መሥመር ይጨመራል፤ የቀድሞው ግን አይፋቅም። እኛ ሂስ የምናቀርበው ይኸው ዕውቀት ለአማርኛ አንባቢ በሚደርስባቸው ስያሜዎች ላይ ነው።

«የሰዓት ሰቅ» የሚለው ስያሜ በስልኮች ላይ ተለምዷል። ሰቅ ሲባል በካርታ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተሰመረ ጠባብ ቁራጭ ይታሰባል። በመዝገቡ ውስጥ ያለው ፅንሰ ሐሳብ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ከእ.ኤ.አ. 1970 ወዲህ ሰዓታቸው በአንድነት የሄደ ቦታዎች ስብስብ ማለት ነው። ሁለት ከተሞች ዛሬ ሰዓታቸው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ከ1970 ወዲህ ያለው ታሪካቸው ከተለያየ በሁለት መሪ ቃል ይገባሉ። «ክልል» የሚለውም ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወዲህ አስተዳደራዊ ትርጉሙ ስለሚጎላ አይመችም። በበኩላችን ለዛሬው ልዩነት «የሰዓት ቀጠና»፣ ለመዝገቡ ፅንሰ ሐሳብ ደግሞ «የሰዓት ታሪክ ቀጠና» ቢባል እንመርጣለን።

ከሁሉ የከፋው ግን በዓመት ውስጥ ሰዓት ወደ ፊት ተገፍቶ የሚመለስበት ሥርዐት ስያሜ ነው። «ብርሃን ቆጣቢ ሰዓት» የእንግሊዝኛው ጥሬ ቅጂ ነው፤ ሰዓቱ አንዳች ነገር አይቆጥብም፤ ቆጣቢ የሚባለውም በአማርኛ ሰው እንጂ ሰዓት አይደለም። ይህን የሸሹ ተርጓሚዎች ወደ ወቅት ስም ሄዱ። አየሩን ያየ «የበጋ ሰዓት» አለ፤ ወሩን ያየ «የክረምት ሰዓት» አለ፤ የአውሮፓ ሙቀት የሚበረታው የእኛ ክረምት በሚዘንብበት ወራት ነውና። ስለሆነም ለንደን የሚኖር አማርኛ አንባቢ «የክረምት ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ቢያገኝ የታኅሣሡን ይሁን የሐምሌውን ለይቶ ማወቅ አይችልም። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ስልክ ለሚደውል ሰው ልዩነቱ በታኅሣሥ 8 ሰዓት፣ በሐምሌ 7 ሰዓት ነው። ከኢየሩሳሌም ለሚደውል በታኅሣሥ አንድ ሰዓት ሲሆን በሐምሌ ፈጽሞ አይኖርም። የተሳሳተ ስያሜ ቀጠሮ ያሳልፋል።

የወቅት ስም በሌላም ምክንያት አያዛልቅም። የአየርላንድ ሕግ መደበኛ የሚለው የሐምሌውን ሰዓት ነው፤ በታኅሣሥ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሞሮኮ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በአንድ ሰዓት መቅደምን መደበኛ አድርጋ፣ በረመዳን ወደ ኋላ ትመልስ ጀመር፤ ረመዳን ደግሞ በወቅቶች ሁሉ የሚዞር ነው። ለእነዚህ ሁሉ የሚበቃው «መደበኛ ሰዓት»ና «የተዛወረ ሰዓት» የሚለው ጥንድ ይመስለናል፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መዛወርን ይችላልና። «የፈረቃ ሰዓት» የሚለውን ግን የሥራ ተራን ስለሚያሳስብ አንደግፈውም። (ሰዓታችንን ከንጋት መቁጠራችን የአነባበብ ልማድ ስለሆነ ከዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም፤ በየትኛውም አነባበብ ልዩነቱ 3 ሰዓት ነው።)

መዝገቡ ራሱም ከሂስ አያመልጥም። ስለ አዲስ አበባ የያዘው የቆየ ዝርዝር ከእ.ኤ.አ. 1870 ይጀምራል፤ ከተማዪቱ ግን የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ የሚል ልዩነት ሰፍሯል፤ ወደ 3 ሰዓት የተለወጠውም የኢጣሊያ ጦር ከተማዪቱን በያዘበት ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው ይላል። አዘጋጆቹም ልዩነቱ ከየት ቦታ እንደተወሰደ ሲያብራሩ ግምት መሆኑን በግልጽ ጽፈዋል፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ ይህ ዝርዝር ዛሬ በተለምዶ ከሚሠራጨው ክፍል ውጭ መሆኑ ነው። ከ1970 ወዲህ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ አዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተመርታለች፤ ስለዚህ አንድ ፕሮግራም በ1932 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ሰዓት ቢጠየቅ የሚመልሰው የኬንያን 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። የቆየ ሰነድ የሚተረጉም ባለሙያ በአማርኛ «አዲስ አበባ» የሚለውን መሪ ቃል አይቶ የአዲስ አበባን ታሪክ ያገኘ ይመስለዋል። በአማርኛው ዝርዝር ላይ ከስሙ ቀጥሎ «ናይሮቢን ተመልከት» የሚል የመዝገበ ቃላት ምልክት ቢገባ ተገቢ ነው።