ወጉና ወንበሩ

የልጅነት ትዝታ መጻፍ ቀላል የሚመስለው ጉዳዩ ሁሉ በእጃችን ያለ ስለሚመስለን ነው። ነገር ግን ከልጅነት የሚተርፈው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወግ ነው፤ መነሻና መድረሻ ያለው፣ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ሲነገር የኖረ፣ በተነገረ ቁጥርም እንደ ወንዝ ድንጋይ እየለሰለሰ የመጣ። ሌላው ቁርጥራጭ ነው፤ አንድ ድምፅ፣ የባልዲ ክብደት፣ ማዕድ ላይ ማን ከማን አጠገብ ይቀመጥ እንደነበር። አብዛኛው ጸሐፊ ወደ ወጉ ይሮጣል፤ ተሰናድቶ ይጠብቀዋልና። እኔ የምለው የተገላቢጦሹን ነው፤ ይህ ሙያ የሚጀምረው ወጉን ተጠራጥረን ቁርጥራጩን ስናምን ነው። ለዚህ የቴክሳስ ትንንሽ ከተሞች ጥሩ ማስረጃ ይሰጣሉ። አገሩ ወግ ይወዳል፤ ልጆቹም ስለ አስተዳደጋቸው አብዝተው ጽፈዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ያለው ጆንሰን ሲቲ ውስጥ ነው፤ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ባደገባት ትንሽ ከተማ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ሮበርት ካሮ የኒውዮርክ ሰው ነው። አገሩን ለማወቅ ሲል ከሚስቱ ጋር ወደዚያ ኮረብታማ ምድር ሄዶ ሦስት ዓመት ያህል ኖሯል። ስለ ጆንሰን ልጅነት ከዚያ በፊት የታተሙት ታሪኮች ደስ የሚሉ ነበሩ፤ ታናሽ ወንድሙ ሳም ሂዩስተን ጆንሰንም ብዙዎቹን ያወራቸው ነበር። ካሮ ግን አላመናቸውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው ስለ ሥራው በሚናገር መጽሐፉ እንደተረከው፣ አንድ ቀን ጎብኚዎች ከሄዱ በኋላ ወንድምየውን ወደ ድሮው ቤታቸው ይዞት ገባ። በልጅነቱ በሚቀመጥበት ቦታ ከእራት ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠው፤ ራሱ ግን እንዳይታየው ከኋላው ተቀመጠ። ከዚያም አባትና ልጅ በእራት ሰዓት ምን ይባባሉ እንደነበር ጠየቀው። ሰውየው መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ከዚያ እየፈጠነ፣ በመጨረሻ የሁለቱን ጩኸት መልሶ እየጮኸ ተናገረ። አባትየው የምክር ቤት አባልነታቸው ያስከብራቸው ነበር፤ ኋላ ግን መሬታቸውን አጥተው፣ በዕዳ ተዘፍቀው የከተማው መሣለቂያ ሆነዋል። ልጁም ይህን ይቅር አላላቸውም። ካሮ በዚህ ሰዓት እነዚያን የታወቁ ታሪኮች በዝርዝር እንዲደግምለት ጠየቀው። መልሱ አጭር ነበር፦ አልችልም፤ ተፈጽመው አያውቁምና። ካሮ ያን ቀን የሰማውን ይዞ ወደ ሌሎች የዘመኑ ሰዎች ሲመለስ እነሱም አረጋገጡለት።

እዚህ ላይ ለሙያችን ትልቅ ትምህርት አለ። ያ ሰው አዲስ ነገር አልተነገረውም፤ ሰነድም አልቀረበለትም። የተሰጠው መቀመጫው ብቻ ነው። ወግ የሚኖረው በአንደበት ነው፤ ቁርጥራጩ ግን ከቦታና ከሰውነት ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ በአንደበት ብቻ ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ለሌሎችም የተሰጠው ነው። «ልጅነትህ እንዴት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ወጉን ይጠራል። «ውኃውን ማን ይቀዳ ነበር? ጉድጓዱስ ከቤቱ ምን ያህል ይርቃል?» የሚለው ግን ወጉ ያላሰበበትን በር ይከፍታል። ካሮ ከመብራት በፊት ስለነበረው የእርሻ ኑሮ የጻፈው ምዕራፍ የዚህ ፍሬ ነው። አንዲት አሮጊት ለከተማው ሰው ባልዲ ሰጥተው ከጉድጓድ ውኃ እንዲስብ አደረጉት፤ ክብደቱንም በገዛ ክንዱ አወቀው። ቁጥሩ የመጣው በዚያ ላይ ነው። እሱ የጠቀሰው የመንግሥት ጥናት እንዳሰላው፣ አንድ የገበሬ ቤተሰብ በቀን በአማካይ 200 ጋሎን ውኃ ይፈልጋል፤ ይህም 750 ሊትር ያህል ነው። ያን ለማመላለስ በዓመት 1,750 ማይል መራመድ ያስፈልጋል። የዚያ ምድር ሴቶች ትከሻ የጎበጠበትን ምክንያት አንባቢ በዚህ ይረዳዋል። ስለ ደጉ ዘመን በሚነገረው ወግ ውስጥ ግን እነዚያ ትከሻዎች የሉም።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ቁርጥራጭ ብቻውን ጽሑፍ አይሆንም፣ የሚያያይዘው ፈጠራ ነው፣ ታዲያ ከወጉ በምን ይሻላል? የሚል ነው። ለዚህ ደራሲዋን ካትሪን አን ፖርተርን እጠራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1890 ኢንዲያን ክሪክ በምትባል የቴክሳስ መንደር ተወልዳ፣ እናቷ ስትሞት ካይል በተባለች ትንሽ ከተማ ከአያቷ ጋር አደገች። በ1937 የወጣው «የቀትር ወይን» የተሰኘው አጭር ልብወለዷ ከምን እንደተሠራ በ1956 ባሳተመችው ድርሰት በግልጽ ነግራናለች፦ በልጅነቷ የሰማችው የጠመንጃ ተኩስና የተከተለው ጩኸት፣ ወደ አያቷ ቤት የመጡ የተጨነቁ ባልና ሚስት፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሃርሞኒካ የሚነፋ የእርሻ ሠራተኛ። እነዚህ አንዱ ከሌላው ጋር ዝምድና አልነበራቸውም፤ ያዛመደቻቸው እሷ ናት፤ ማዛመዷንም አልደበቀችም። ይህችው ሴት ስለ ራሷ ሕይወት ስትናገር ግን ባለጸጋ የደቡብ ቤተሰብ ልጅ ነኝ ትል ነበር፤ ያደገችው በድህነት መሆኑን የሕይወት ታሪኳን ያጠኑ ሰዎች ኋላ ገልጠዋል። በእኔ ግምት ታማኝ የሆነችው በልብወለዱ ነው። ፈጠራው ያለበት ቦታ ከታወቀ አንባቢ አይታለልም። ወግ ግን ስፌቱን ይደብቃል።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህም ይከብደኛል፤ ልጅ ያየውን እንጂ ትርጉሙን አያውቅም የሚል ነው። እውነት ነው። ታሪክ ጸሐፊዋ አኔት ጎርደን ሪድ በምሥራቅ ቴክሳስ፣ ኮንሮ በምትባል ከተማ ነው ያደገችው። በ1960ዎቹ ወደ ከተማው የነጮች ትምህርት ቤት የገባችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ልጅ እሷ ነበረች። በ2021 በወጣው «ስለ ጁንቲንዝ» መጽሐፏ ለጥቁሮች የተለየ የሐኪም መጠበቂያ ክፍልና ጥቁሮች የሚቀመጡበትን የሲኒማ ቤት ሰገነት ታስታውሳለች። ልጅ ሰገነቱን ያያል፤ በዚያችው ከተማ በ1941 ቦብ ዋይት የተባለ ጥቁር ተከሳሽ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ ሰው እያየ በጥይት መገደሉን፣ ገዳዩም በነጻ መለቀቁን ግን በራሱ አያውቅም። ያን የሚጨምረው አዋቂው ነው፤ ሲጨምርም በልጁ አፍ ማናገር የለበትም። ጎርደን ሪድ የልጅቱን ዓይንና የታሪክ ጸሐፊዋን እውቀት ሳትቀላቅል ጎን ለጎን ታስኬዳቸዋለች። በዚህም ከቤተሰብ ወግ የሚበልጠውን የግዛቱን ወግ ትሞግታለች። ቴክሳስ ሲባል በዓይነ ኅሊና የሚመጣው ካውቦይና ነዳጅ ቆፋሪ ነው፤ ምሥራቁ ግን ባሪያ የተባሉ ሰዎች ጥጥ የለቀሙበት ምድር ነበር፤ የነጻነታቸው ትእዛዝ ጋልቬስተን ላይ የተነበበውም እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 1865 ነው፤ የመጽሐፏ ርእስ የሚጠራውም ይህን ቀን ነው።

ደራሲው ላሪ ማክመርትሪ ደግሞ ወደ ኋላ ማየቱን ራሱን ነቅፎታል። አርቸር ሲቲ አጠገብ በከብት እርባታ ቤተሰብ አድጎ፣ ያችን ከተማ ስሟን ለውጦ በ1966 ልብወለድ አድርጓት ነበር። በ1981 ግን የቴክሳስ ደራሲዎች ገጠሩን ከመናፈቅ ወጥተው አብዛኛው ሕዝብ ስለሚኖርበት ከተማ እንዲጽፉ ወቀሳቸው። ስለ ናፍቆቱ ትክክል ነበር። ናፍቆቱ ግን የሚመጣው ከገጠሩ ሳይሆን ከወጉ ይመስለኛል፤ ባልዲ የሳበች ሴት ባልዲውን አትናፍቅም። እሱም ቢሆን ከአራት ዓመት በኋላ ስለ ከብት ነጂዎች ትልቁን ልብወለዱን አሳትሟል።

የሚቀረው የሚያሳስበኝ ጉዳይ ወጉ ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። በሕይወት ያለች አክስት ወይም ያረጀ አባት በዚያ ወግ ተደግፈው ኖረው ሊሆን ይችላል። ሳም ሂዩስተን ጆንሰን እውነቱን የተናገረው ወንድሙ ከሞተ፣ እሱም በጽኑ ታሞ መጠጥ ከተወ በኋላ ነው፤ ከሁሉም ሰው ያን መጠበቅ አይገባም። እንዲህ ሲያጋጥም ወጉን ከጽሑፉ ማውጣት ተገቢ አይመስለኝም። እገሌ እንዲህ ይላል ብሎ የተናጋሪውን አነጋገር ሳያበላሹ ማስፈር ይቻላል፤ ቀጥሎ የጉድጓዱን ርቀት፣ የጋዜጣውን ቀን፣ ማዕድ ላይ የነበረውን የአቀማመጥ ተራ ያለ ማብራሪያ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ አንባቢው ራሱ ያየዋል፤ አክስትየዋም በገጹ ላይ ውሸታም ተብለው አልተጠሩም።