ሽጉጡና ሰዓቱ

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን የማቲዩ ካሶቪትዝን ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ «ላ ኤን»ን (ጥላቻ)፣ ሰሞኑን ደግሜ አየሁት። በመምህርነቴ ዘመን «ጭብጡን ከገጸ ባሕርያቱ ንግግር ፈልጉ» እል ነበር፤ እዚህ ግን ጭብጡን የያዘው ካሜራው ነው። አይሁዳዊው ቪንዝ፣ ጥቁሩ ዩቤርና አረቡ ሰኢድ በፓሪስ ዳርቻ ሰፈራቸው ሳሉ ከኋላቸው ያለው ሕንፃ ጥርት ብሎ ይታያል። መሀል ፓሪስ ሲደርሱ ግን ከተማዋ ከጀርባቸው ትደበዝዛለች፤ አታውቃቸውማ!

ጓደኛቸው በፖሊስ ተደብድቦ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ፖሊስ የጣለው ሽጉጥ ደግሞ ቪንዝ እጅ ገብቷል። ስክሪኑ ላይ በየመሀሉ ሰዓት ብቅ ይላል። እኛ «ይተኩስ ይሆን?» ብለን ስንጨነቅ፣ ፊልሙ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» ይለናል።

በ2005 የፈረንሳይ ከተሞች ዳርቻዎች ሲነዱ «ዱርዬዎች ናቸው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ሰዓቱን ግን ካሶቪትዝ ከ10 ዓመት በፊት አሳይቶን ነበር።