ሠላሳ አንዱ ሽንፈት

ስለ ፍሬዝኖ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቤዝቦል ቡድን የሚነገረው ታሪክ ዘወትር የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2008 በኦማሃ ከተማ፣ በሮዘንብላት ስታዲየም፣ ጆርጂያን 6 ለ 1 ረትቶ የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። 64 ቡድኖች በአራት አራት ሲደለደሉ በምድቡ የመጨረሻው ደረጃ የተሰጠው ይኸው ቡድን ነበር። መለያው ቡልዶግ ነውና ደጋፊው በቃላት እየተጫወተ ከተናቀው ውሻ ወደ ድንቁ ውሻ ተሸጋገረ አለ (የተሸናፊው የጆርጂያ መለያም ያው ቡልዶግ ነው)። ተአምርም ተባለ። በዚያ ሰሞን ካሊፎርኒያ የነበርሁ ደጋፊ እንደ መሆኔ ቃሉን እኔም ደጋግሜዋለሁ። ዛሬ ግን ይቆረቁረኛል።

ቡድኑ የውድድር ዘመኑን የፈጸመው 47 ጊዜ አሸንፎ፣ 31 ጊዜ ተሸንፎ ነው። በዚህ ውድድር ታሪክ ያን ያህል ተሸንፎ ዋንጫ የበላ ሌላ ቡድን የለም። ከመጀመሪያዎቹ 20 ጨዋታዎች እንኳ 12ቱን ተሸንፎ ነበር። ተአምር የሚለው ቃል ይህን ሁሉ እንደ ጉድፍ ቆጥሮ ይሸፍነዋል።

እግር ኳስ ለለመደ አንባቢ ነገሩ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ቤዝቦል በሳምንት አራት አምስት ቀን የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ ጎበዝ የተባለው መቺ እንኳ ከአሥር ጊዜ ሰባቱን ሳይሳካለት ይመለሳል። የኮሌጆቹ የፍጻሜ ዙርም ለአንድ ሽንፈት ምሕረት አለው፤ የሚያሰናብተው ሁለተኛው ነው። እንግዲህ በዚህ ጨዋታ መሸነፍን የሚችል ቡድን የሚባል ነገር አለ፤ ፍሬዝኖ እንዲያ ያለ ቡድን ነበር። በአሪዞና ስቴት 12 ለ 4 ከተደቆሰ በኋላ የቀሩትን ሁለት ጨዋታዎች 8 ለ 6 እና 12 ለ 9 አሸንፎ ወደ ኦማሃ አለፈ።

ከጆርጂያ ጋር የመጀመሪያውን ጨዋታ 7 ለ 6 ተሸነፈ። በማግስቱ ጆርጂያ 5 ለ 0 ሲመራ ጊዜ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ወጣሁ። ስመለስ ፍሬዝኖ 19 ለ 10 ማሸነፉን ሰማሁ። እኔን ያስወጣኝ ሽንፈትን እንደ ፍጻሜ መቁጠሬ ነው፤ ልጆቹ ግን 31ኛውን የተሸነፉት ገና በዋዜማው ነበር፣ መልኩን ያውቁታል።

ሌላም ነገር አለ። ተአምር ዋጋ የለውም፤ ይህ ድል ግን ዋጋ ነበረው። ምርጡ ወርዋሪ ታነር ሼፐርስ በትከሻ ጉዳት ከፍጻሜው ዙር ውጪ ሆነ። በመጨረሻው ዕለት ጀስቲን ዊልሰን ከሦስት ቀን ዕረፍት በኋላ ተመልሶ 129 ጊዜ ወረወረ፤ የሰጠው አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። የስድስቱም ነጥቦች ባለቤት ስቲቭ ዴትዋይለር የአውራ ጣቱ ጅማት ተበጥሶ ሳለ ሁለት ጊዜ ኳሷን ከአጥር ማዶ አሻገረ፤ የጨዋታውን የመጨረሻ ኳስም የያዘው እሱ ነው። ለመላው ቡድን የተፈቀደው የትምህርት ክፍያ ድጋፍ በጊዜው ደንብ 11.7 ብቻ ነበር፤ ተጫዋቾቹ እየተቆራረሱ ይካፈሉት ነበር። ደመወዝማ ጨርሶ ክልክል ነበር። ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ታላቁ ሊግ ስለ ደረሰ ነገሩ መልካም ሆኖ ይታየናል። እኛ ደጋፊዎች በጀግንነት ስም ያጨበጨብነው ግን በወጣቶች አካል ላይ ለተጣለ ሸክም ጭምር ነው።

ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። ከ2021 ጀምሮ ተማሪ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገቢ ማግኘት ችለዋል፤ ከ2025 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ሊከፍሏቸው ይችላሉ፤ ዝውውሩም ቀሏል። አንዳንድ የዕድሜ እኩዮቼ በዚህ ያዝናሉ። እኔ በክፍያው አላዝንም፣ ዘግይቷል እንጂ። የምሰጋው ለሌላው ነው፦ 12 ሽንፈት ያየ ቡድን ዛሬ ቢሆን በዓመቱ ማለቂያ ይበተን ነበር፤ ለሚቀጥለው ሽንፈት አብሮ የሚቆም አይኖርም።

ሮዘንብላት በ2012 ፈርሷል። የሁለተኛውን ጨዋታ ቅጂ ኋላ ላይ አግኝቻለሁ። ስከፍተው የምጀምረው ጥዬ ከወጣሁበት፣ 5 ለ 0 ከሆነው ላይ ነው።