የሚዛኑ ጠበቃ

ሚዛን ተፈሪ ቤት የሚገዛ ሰው ቀድሞ የሚያገኘው ደላላ ነው። ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ግን የከተማውን ጠበቃ ቢያገኝ ይሻለዋል።

ጠበቃው ካርታውን ተቀብሎ አዋሳኞቹን በጣቱ እየተከተለ ያነባል፤ ከዚያ ጭቃ ነው ሳይል ቦታው ድረስ ይወርዳል። ወረቀቱ መንገድ ያለው ዛሬ የጎረቤት እንሰት የቆመበት ሊሆን ይችላል። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ዕዳና እገዳ ያጣራል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱ ትፈርማለች ወይ? ቤቱ የውርስ ከሆነስ ቴፒ ወይም አዲስ አበባ የሚኖር ወራሽ አልቀረም? ይህን የመጨረሻውን ከፋይል ይልቅ ከሰፈር ሽማግሌ ይሰማዋል። ከሩቅ የመጣ ባለሙያ፣ የቱንም ያህል ቢማር፣ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም።

ሕጉም ቀልድ አያውቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ ቁጥር 2878 ደግሞ ያልተመዘገበ ሽያጭ በሦስተኛ ወገን ላይ እንደማይጸና ይደነግጋል። ቡና እየተጠጣ በሁለት ምስክር የተፈረመች ወረቀት እዚህ ላይ ትወድቃለች።

ጠበቃውን ከሁሉ የሚያስመሰግነው ግን «አይሆንም» ማለቱ ነው። የቡና መሬት ልግዛ ብሎ የመጣን ነጋዴ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ አስረድቶ ይመልሰዋል። የውል ማዘጋጃው ክፍያም አብሮ ይቀርበታል።